ያረጀ ባልጆይንት፦ እንዴት ይለያል፣ እንዴትስ ይቀየራል?

ከፊት ጎማ አካባቢ "ቋ" የሚል ድምፅ የሰማ አሽከርካሪ ደጋግሞ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምረን ወደሚያስቸግረው እንሄዳለን።

ባልጆይንት ምንድን ነው?

የፊት ጎማ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። መንገዱ ሲጎረብጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። መሪ ሲዞር ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል። ሁለቱንም እንቅስቃሴ የሚፈቅደው መገጣጠሚያ ባልጆይንት ነው። አሠራሩ ጭናችን ከዳሌያችን የሚገናኝበትን ቦታ ይመስላል። ክብ ራስ ያለው ብረት ጎድጓዳ ቤት ውስጥ ተቀምጦ በየአቅጣጫው ይንቀሳቀሳል።

አንደኛው ወገኑ ሰስፔንሽኑን (ጎማውን የሚይዘውንና ጉርብጥብጡን የሚያለዝበውን ክፍል) ከሻንሲው፣ ማለትም ከመኪናው ዋና የብረት አካል ጋር በሚያያይዘው ክንድ ላይ ይታሰራል። ሌላኛው ወገኑ ጎማውን በሚይዘው ወፍራም ብረት ላይ ይገባል። ይህን ብረት ከዚህ በኋላ ናክል እንለዋለን። ባልጆይንቱ ውስጥ ግሪስ አለ። ከውጭ በላስቲክ ተሸፍኗል። ያ ስስ ላስቲክ የዕቃው ዕድሜ ጠባቂ ነው፤ ወደፊት ደጋግመን እንመለስበታለን።

በአንድ መኪና ላይ ስንት ባልጆይንት አለ?

እንደ ሰስፔንሽኑ ዓይነት ይለያያል። በብዙ ትናንሽ የቤት መኪኖች ላይ ያለው የማክፈርሰን ስትራት ነው። አሞርዛተሩና ሞላው አንድ ላይ ቆመው ጎማውን ከላይ ይይዛሉ። እነዚህ መኪኖች ብዙውን ጊዜ በየጎኑ አንድ ባልጆይንት ብቻ አላቸው፤ እሱም ከታች ነው። ብዙ ፒክአፖችና ትልልቅ መኪኖች ግን ላይና ታች ሁለት ክንድ ስላላቸው በየጎኑ ሁለት ባልጆይንት ይኖራቸዋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ያዙልኝ። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሁሉም ባልጆይንት አይደለም። ክብደቱ የሚያርፈው ሞላው በተቀመጠበት ክንድ ላይ ነው። ሞላው የታችኛው ክንድ ላይ ከተቀመጠ ሸክሙ ያለው የታችኛው ባልጆይንት ላይ ነው። ሞላው የላይኛው ክንድ ላይ ከሆነ የላይኛው ይሸከማል። በማክፈርሰን ደግሞ ክብደቱን ስትራቱ ስለሚወስደው፣ የታችኛው ባልጆይንት ዋና ሥራ ጎማውን በቦታው መያዝ ነው። ፍተሻ ላይ ስንደርስ ይህ ልዩነት ሁሉን ነገር ይወስናል።

ማርጀቱን በምን አውቃለሁ?

የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ድምፅ ነው። ጉድጓድ ስትገቡ ወይም የፍጥነት መቀነሻ ስታልፉ ከፊት "ቋ" ወይም "ዱብ" ይላል። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነው። ከዚያ እየበዛ ይሄዳል። ግሪሱ የደረቀ ከሆነ ደግሞ መሪ ስታዞሩ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል።

ቀጥሎ መሪው ይላላል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መኪናው ወዲያና ወዲህ ይላል፣ እናንተም ሳታውቁት በየጊዜው ታስተካክሉታላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ስለሚለምደው አያስተውለውም። መኪናውን ለሌላ ሰው ስትሰጡት ግን ገና አንድ መንገድ ሳይጨርስ ይነግራችኋል። የፊት ጎማ በውስጥ ወይም በውጭ ጠርዙ ብቻ መበላቱም ሌላ ምልክት ነው፤ ይህ ግን በአላይመንት (በጎማዎቹ ማዕዘን አሰላለፍ) ችግርም ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ምንም ድምፅ ሳይኖር የተቀደደ ላስቲክ ካያችሁ ደግሞ ባልጆይንቱ ገና አላረጀም ይሆናል፤ ማርጀት ግን ጀምሯል።

ይህ ድምፅ ከሌላ ዕቃ ሊመጣ አይችልም?

ይችላል፤ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣውም እዚህ ላይ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚያግዘውን ዘንግ ከሰስፔንሽኑ ጋር የሚያያይዘውን አጭር ብረት) ቀየርኩ፣ ድምፁ አልጠፋም። ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ቀየርኩ፣ አሁንም አለ። ባልጆይንቱ በስተመጨረሻ ተገኘ። ጋራዡ መኪናውን በትክክል አንስቶ ቢፈትሸው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ ነበር።

ድምፁን በሚመጣበት ሰዓት ለዩት። በቀስታ ስትሄዱ ትናንሽ ጉርብጥብጦች ላይ ቶሎ ቶሎ "ቀጭ ቀጭ" የሚል ከሆነ መጀመሪያ ስታቢላይዘር ሊንክን ጠርጥሩ። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ጉምጉምታ የጎማ ኩሽኔታ ነው። መሪውን አጥፋችሁ ነዳጅ ስትሰጡ "ቀጭ ቀጭ ቀጭ" ካለ የፊት አክስሉ መገጣጠሚያ ነው። ፍሬን ስትይዙ ወይም ስትለቁ አንድ ጊዜ ብቻ "ዱብ" ካለ የክንዱን ቡሽ (ክንዱ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትን ላስቲክ) እዩ። መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር ከላይ፣ ከአሞርዛተሩ ራስ አካባቢ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ የስትራቱ የላይኛው መቀመጫ ሊሆን ይችላል።

ቤት ውስጥ በትክክል እንዴት ልፈትሸው?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። ባልጆይንት የሚፈተሸው ሸክም ከላዩ ሲነሳለት ነው። ሸክም ያለበት ባልጆይንት በራሱ ኃይል ተጨምቆ ስለሚቆም ያለቀ ሆኖም ጥብቅ ይመስላል። "ፈትሸነው ደህና ነው" ተብሎ ከወር በኋላ የሚወልቀው ብዙ ጊዜ እንዲህ የተፈተሸው ነው።

ስለዚህ ክሪኩ የሚገባበት ቦታ ወሳኝ ነው። ሞላው የታችኛው ክንድ ላይ ከሆነ ክሪኩን ከታችኛው ክንድ ስር፣ በተቻለ መጠን ለባልጆይንቱ ቀርቦ አስገቡ። ማክፈርሰን ከሆነ መኪናውን ከሻንሲው አንሱትና ጎማው በነፃ ይንጠልጠል። ሞላው የላይኛው ክንድ ላይ ከሆነ በክንዱና በሻንሲው መሀል ጠንካራ እንጨት ሽብልቅ ታደርጉና ከሻንሲው ታነሱታላችሁ፤ እንጨቱ ሞላው ባልጆይንቱን እንዳይጫነው ያግዳል። በማናቸውም ሁኔታ መኪናው የብረት መቆሚያ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር አትግቡ።

ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች፣ ማለትም በሰዓት አቆጣጠር 12 እና 6 ላይ ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቁ። ቀጥሎ ረጅም የብረት መፈንቀያ ከጎማው ስር አስገብታችሁ ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ አንሱና ልቀቁ። ሌላ ሰው በባትሪ እያበራ ባልጆይንቱን ራሱን ይይ። ዓይን የሚያስፈልገው እዚያ ነው፤ ጎማው መነቃነቁ ብቻውን የትኛው ዕቃ እንደላላ አይናገርም። ንቅናቄው በክንዱና በናክሉ መሀል ከታየ ባልጆይንቱ ነው። ጥርጣሬ ካለ አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ይያዝ። ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ ባልጆይንቱ ወይም ሌላ የሰስፔንሽን መገጣጠሚያ ነው። 3 እና 9 ላይ ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ ደግሞ ታይሮድ ኤንዱን (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ጫፍ) ተመልከቱ።

ምን ያህል ንቅናቄ ይፈቀዳል?

በአምራቹ መመሪያ የሚወሰን ነው። አንዳንድ ባልጆይንት ምንም ንቅናቄ አይፈቀድለትም። ሌላው ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ በላይ እንኳ ቢነቃነቅ ደህና ሊባል ይችላል። በእጅ ግምት ይህን መለየት ስለሚያስቸግር ጥሩ ጋራዦች ጥቃቅን ንቅናቄ የሚለካ ዳያል ጌጅ የሚባል መሣሪያ ይጠቀማሉ።

በአንዳንድ መኪኖች፣ በተለይ በድሮ የአሜሪካ ሥሪቶች ላይ፣ ባልጆይንቱ ራሱ ምልክት አለው። ግሪስ የሚገባበት ጫፍ ዙሪያ ያለው ቀለበት አዲስ ሲሆን 1.27 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። ዕቃው እያለቀ ሲሄድ ወደ ውስጥ ይገባል። ከአካሉ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከገባ ጊዜው አልፏል። ይህኛው ብቻ ከሌሎቹ በተቃራኒ ጎማው መሬት ላይ ቆሞ፣ ክብደቱ ሳይነሳ ነው የሚታየው።

ላስቲኩ ብቻ ነው የተቀደደው። ግሪስ ጨምሬበት ልቀጥል?

ላስቲኩ ሲቀደድ ግሪሱ ይወጣል፣ ውሃና አሸዋ ይገባል። አሸዋ ከግሪስ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ነው፤ በየዙሩ ብረቱን ይበላዋል። ግሪስ መጨመር ድምፁን ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል። የተበላውን ግን አይመልስም። እንዲያውም ምልክቱን ደብቆ ያዘናጋችኋል።

ላስቲኩ ዛሬ ጠዋት ለምሳሌ በሥራ ላይ ተቀዶ ወዲያው ካያችሁትና ውስጡ ንጹሕ ከሆነ ላስቲኩን ብቻ መቀየር ይቻላል። መቼ እንደተቀደደ ካላወቃችሁ ባልጆይንቱን ቀይሩ። ግሪስ መግቢያ ያለው ደህና ባልጆይንት ካላችሁ ግን በየጊዜው ግሪስ ስጡት። ላስቲኩ ትንሽ እብጥ ሲል አቁሙ፤ ከዚያ በላይ ከገፋችሁት እናንተው ትቀዱታላችሁ።

ድምፅ እያለው መንዳት እችላለሁ?

ንቅናቄው በዓይን የሚታይ ከሆነ አይቻልም። እስከ ጋራዥ እንኳ ቢሆን አስጭኖ መውሰድ ይሻላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ባልጆይንት ከቤቱ ከወጣ ጎማው የሚይዘው ስለሌለ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የመኪናው ጥግ መሬት ላይ ይወድቃል። መሪው ምንም አይሠራም። የፍሬን ቱቦውንና አክስሉንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። በቀስታ ስትጠመዝዙ ከወለቀ ዕድለኞች ናችሁ። በፍጥነት መንገድ ላይ ከወለቀ ግን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2005 የተወሰኑ የታኮማ፣ የቱንድራ፣ የሴኮያና የፎርራነር መኪኖችን በታችኛው ባልጆይንት ምክንያት መልሶ መጥራቱ የዚህን ዕቃ አሳሳቢነት ያሳያል። አንዳንዱ ባልጆይንት ሸክሙ ዕቃውን ከቤቱ ወደ ውጭ በሚስብበት አቅጣጫ የተሠራ ነው፤ እንዲህ ያለው ሲያልቅ የሚያስቀረው ነገር የለም።

ባልጆይንቱን ብቻ ልቀይር ወይስ ከነክንዱ?

አገጣጠሙ ይወስናል። በቡሎን የታሰረ ከሆነ ለብቻው ይቀየራል፤ ቀላሉ ይህ ነው። በሪቬት የተያዘ ከሆነ ሪቬቱ በድሪል ተበስቶ ይወጣና አዲሱ አብሮት በሚመጣው ቡሎን ይታሰራል። ክንዱ ውስጥ በኃይል የገባ ከሆነ ፕሬስ ያስፈልገዋል። ከክንዱ ጋር አንድ አካል የሆነው ደግሞ ከነክንዱ ነው የሚቀየረው።

የኔ ምክር፦ የክንዱ ቡሽም ካረጀ ወይም ክንዱ ከዛገ፣ ለብቻው የሚገኝ ቢሆንም ከነክንዱ ቀይሩ። ሥራው ያው ነው፤ ቡሹም አብሮ አዲስ ይሆናል። ያለቀን ባልጆይንት በብየዳ ወይም በመቀጥቀጥ "ማጥበቅ" የሚባለውን ግን ፈጽሞ አትቀበሉ። ሙቀቱ ብረቱን ይለውጠዋል፣ የውስጡን ፕላስቲክ መቀመጫና ላስቲኩንም ያቃጥለዋል።

ሁለቱንም ጎን መቀየር ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም። ግን ሁለቱ እኩል መንገድ ሄደዋል። አንዱ ካለቀ ሌላውን በደንብ ፈትሹት፤ ትንሽ እንኳ ካጠራጠራችሁ አንድ ላይ ቀይሩ። አላይመንቱንም ሁለት ጊዜ ከመክፈል ትድናላችሁ።

ራሴ መቀየር እችላለሁ? ቅደም ተከተሉስ?

በቡሎን የሚታሰረውን፣ መሣሪያና ትዕግሥት ያለው ሰው ይችላል። ፕሬስ የሚፈልገውን ለጋራዥ ተዉት። የጎማውን ዳዶዎች መኪናው መሬት ላይ እያለ አላሉ። የኋላ ጎማዎችን ሽብልቅ አድርጉ፣ አንሱ፣ መቆሚያ ላይ አሳርፉ፣ ጎማውን አውጡ። የዛጉ ቡሎኖች ላይ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ከቻላችሁ ከአንድ ቀን በፊት ርጩ። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) ሽቦውን ከማሰሪያው አላቁት፤ ሲወጠር ይበጠሳል። ካሊፐሩን (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ማውጣት ካስፈለገ በሽቦ ሞላው ላይ ስቀሉት እንጂ በፍሬን ቱቦው አታንጠልጥሉት።

ከዚያ ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይላላ በቀዳዳ የሚገባውን ፒን) አውጥታችሁ የባልጆይንቱን ዳዶ ፍቱ። ሙሉ በሙሉ ግን አታውጡት፤ ጥቂት ጥርስ ላይ ይቆይ። ኮኑ (ናክሉ ውስጥ የሚገባው፣ እየቀጠነ የሚሄደው የባልጆይንቱ ዘንግ) ድንገት ሲላቀቅ ክንዱ በሞላው ኃይል ሊወረወር ይችላል፤ ዳዶው ይይዘዋል። ሞላው የታችኛው ክንድ ላይ ባለበት መኪና ደግሞ ክንዱ ሁልጊዜ በክሪክ ተደግፎ ይቆይ። ይህን ችላ ያለ ሰው እጁን ያጣል። የፊት ጎማ የሚነዳው መኪና ከሆነ ናክሉን ወደ ውጭ ብዙ አትሳቡት፤ የአክስሉ የውስጥ መገጣጠሚያ ይወጣል።

አዲሱን ስታስገቡ ኮኑና ቀዳዳው ንጹሕና ደረቅ ይሁኑ። ግሪስ አትቀቡ። ኮን የሚይዘው በመጣበቅ ነው። አዲስ ዳዶና አዲስ ኮፒሊያ ተጠቀሙ፤ መመሪያው ላይ ባለው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) አጥብቁ። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ዳዶውን ትንሽ ጨምራችሁ አጥብቁት እንጂ መልሳችሁ አታላሉት። ክንዱንም ከቀየራችሁ የቡሾቹን ቡሎን መጨረሻ ጊዜ የምታጠብቁት መኪናው በጎማው ላይ ቆሞ ነው። ተንጠልጥሎ ከታሰረ ቡሹ ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል።

ኮኑ አልላቀቅ አለኝ። ምን ላድርግ?

የባልጆይንት ማላቀቂያ ፕሬስ ካላችሁ እሱን አጥብቃችሁ ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ "ጯ" ብሎ ራሱ ይለቃል። ካልሆነ በተወጠረበት ሁኔታ የናክሉን ቀዳዳ ዙሪያ ከጎን በከባድ መዶሻ ምቱት። የሚመታው ናክሉ ነው፤ የባልጆይንቱ ጥርስ አይነካ። ሹካ መሰሉ ማላቀቂያ ፈጣን ነው፣ ግን ላስቲኩን ይቀደዋል። ለሚጣል ዕቃ ይሁን፤ መልሳችሁ ለምትገጥሙት አትጠቀሙበት።

ኮን የሌለው፣ ናክሉ በጎን ቡሎን ጨብጦ የሚይዘው ዓይነትም አለ። እዚያ ላይ ቡሎኑ በባልጆይንቱ ዘንግ ላይ ባለ ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ስለሚያልፍ ማላላት አይበቃም፤ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ስንጥቁን በሽብልቅ ትንሽ ብቻ ክፈቱት።

ዳዶውን ሳጠብቅ ዘንጉ አብሮ ይዞራል

ኮኑ ገና ቦታውን አልያዘም ማለት ነው። ክሪክ ከባልጆይንቱ ስር አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ግፉት፤ ኮኑ ሲጨመቅ መዞሩ ይቆማል። አንዳንዱ ዘንግ ጫፉ ላይ በቁልፍ የሚያዝ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ አለው።

ከቀየርኩ በኋላ አላይመንት ያስፈልጋል?

አዎ። የባልጆይንቱ ቦታ በትንሽ ሚሊ ሜትር ቢለወጥ የጎማው ማዕዘን ይለወጣል። በቡሎን የሚታሰረው ላይ ቀዳዳው ትንሽ ሰፋ ስለሚል አዲሱ ልክ በድሮው ቦታ ላይቀመጥ ይችላል። ከመፍታታችሁ በፊት የድሮውን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ እስከ አላይመንቱ ድረስ በሰላም ያደርሳችኋል።

አዲስ ቀይሬ መሪው ከበደኝ። ችግር አለው?

አዲስ ባልጆይንት ጥብቅ ነው። በእጅ ስታንቀሳቅሱት ራሱ መታገል አለበት። በጣት እንደልቡ የሚወዛወዝ ከሆነ ነው የሚያሳስበው። ትንሽ መክበድ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ይቀንሳል። ነገር ግን መሪው ከተጠማዘዘበት አልመለስ ካለ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ከመሰላችሁ፣ ተመልሳችሁ አስፈትሹ።

ቀየርኩት፤ ድምፁ ግን ተመለሰ። ለምን?

መጀመሪያ ምርመራው ትክክል እንደነበር አጣሩ፤ ሊንኩ ወይም ቡሹ ሳይታይ ቀርቶ ይሆናል። ሁለተኛ ላስቲኩ በገጠማ ጊዜ ተቀዶ እንደሆነ እዩ። መኪናው ከፍ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ባልጆይንቱ ከተሠራበት ማዕዘን ውጪ ስለሚሠራ ቶሎ ያልቃል። ጎማውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቸርኬም ሸክሙን ይጨምርበታል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ናክሉ ነው። አሮጌው ባልጆይንት ላልቶ ረጅም ጊዜ ከተነዳ የናክሉን ኮን ቀዳዳ ይበላዋል። ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንቁላል ይሆናል። እዚያ ውስጥ የምታስገቡት አዲስ ዕቃ የቱንም ያህል ኦሪጅናል ቢሆን ይላላል። የድሮው ሲወጣ ቀዳዳውን በጨርቅ ጠርጋችሁ በጣት ዳብሱት፤ ኮኑ ላይ ቀጭን ቀለም ቀብታችሁ አስገብታችሁ አውጡት። ቀለሙ ዙሪያውን እኩል ካልነካ ናክሉ ራሱ መቀየር አለበት። አይታችሁ ስትጨርሱ ቀለሙን ከኮኑም ከቀዳዳውም በደንብ ጥረጉት።